ላም አለኝ በሰማይ
(ስለ ሂማልያ ተራሮች መከፈት የቀረበ አስተያየት)

ስለ ድኻ አገሮች ዕድገት በተነገረ ቍጥር የቱሪዝም ስም ሳይነሣ አይቀርም። ጢስ የሌለው ኢንዱስትሪ ነው፤ ፋብሪካ ሳይተከል፥ ማዕድን ሳይቈፈር የውጭ አገር ገንዘብ ያስገባል እየተባለ ይመሰገናል። ይህን ምስጋና አምነው በራቸውን ከከፈቱት አገሮች አንዷ ኔፓል ናት። ስለዚህች አገር ተራሮች አስተያየታችንን ለመግለጽ የተነሣነው የሰው አገር ወሬ አምሮን አይደለም፤ ነገሩ የማንኛውም ድኻ አገር ተማሪ ጕዳይ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

የኔፓል መንግሥት በ2025 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) አንድ ውሳኔ አስታወቀ። በአገሩ ምዕራብ፥ ካርናሊና ሱዱርፓሽቺም በሚባሉት ሁለት ክፍላተ ሀገር የሚገኙትን 97 የሂማልያ ተራሮች፥ የውጭ አገር ሰዎች ለሁለት ዓመት ያለ ምንም የፈቃድ ክፍያ እንዲወጧቸው ፈቀደ። ከፍታቸው ከ5,970 ሜትር ጀምሮ እስከ 7,132 ሜትር ይደርሳል። በዚያው ዓመት ግን ኤቨረስትን ለመውጣት ከአንድ የውጭ አገር ሰው የሚጠየቀው ክፍያ ከ11,000 ዶላር ወደ 15,000 ዶላር ከፍ አለ። የውሳኔው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ በታወቀው ተራራ ላይ ዋጋ ጨምሮ፥ ባልታወቁት ላይ ዋጋ አንሥቶ፥ እንግዳውን ወደ ድኾቹ አውራጃዎች መሳብ ነው።

ሐሳቡ ለጆሮ ደስ ይላል። እኛ ግን ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን። ተራራው የሚከፈተው ለማን ነው?

ጥያቄያችን የባዶ ሜዳ ክርክር እንዳይሆን ወደ ታሪኩ መለስ እንበል። ኔፓል እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ለውጭ አገር ሰው የተዘጋች አገር ነበረች። በዓለም ላይ ከ8,000 ሜትር በላይ ከሆኑት 14 ተራሮች ስምንቱ በኔፓል ምድርና በወሰኗ ላይ ይገኛሉ። በሩ በተከፈተ ጊዜ በ1950 ፈረንሳዮች አናፑርናን ወጡ፤ በ1953 ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጋይ ከኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሙ። በ1964 ጂሚ ሮበርትስ የተባለ የእንግሊዝ ጡረተኛ መኰንን፥ ተራራ መውጣት ሳይሆን በተራሮቹ ሥር በእግር መጓዝ የሚፈልጉትን እንግዶች የሚያስተናግድ የመጀመሪያውን ድርጅት በካትማንዱ አቋቋመ። በስድሳዎቹ ዓመታት አጋማሽ መንግሥቱ ተራራ መውጣትን ከልክሎ በ1969 እንደ ገና ፈቀደ። በ1978 ዝቅ ያሉ 18 ተራሮች ለአገሩ የተራራ ወጪዎች ማኅበር ተሰጡ፤ በ2014 ደግሞ 104 ተራሮች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። እንግዲህ የ2025ቱ ውሳኔ አዲስ ነገር አይደለም። በሩ ከተከፈተ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታልና ፍሬውን በዐይን አይቶ መፍረድ ይቻላል።

በጎውን ከመናገር አንቈጠብም። በኤቨረስት ሥር በሚገኘው በኩምቡ አውራጃ የሚኖሩት ሼርፓዎች ድንች ተካዮች፥ የያክ እረኞችና ወደ ቲቤት የሚመላለሱ ነጋዴዎች ነበሩ። ዛሬ ከመካከላቸው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች፥ የጕዞ ድርጅት መሪዎች፥ ሐኪሞችና አውሮፕላን ነጂዎች ወጥተዋል። ካሚ ሪታ ሼርፓ እስከ 2025 ድረስ ኤቨረስትን 31 ጊዜ ወጥቷል። በጥር 2021 አሥር ኔፓላውያን፥ በክረምት ማንም ወጥቶት የማያውቀውን ኬቱ የተባለውን የፓኪስታን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ወጡት። ለሌላው ሰው ጭነት ሲሸከም የኖረ ሕዝብ ለራሱ ክብር የወጣበት ቀን ስለ ሆነ እኛም ከሩቅ ሆነን ኰርተንበታል።

ነገር ግን ለኩምቡ መለወጥ ምክንያቱ ምን እንደ ነበረ በጥንቃቄ ማየት ይገባል። በ1961 በኩምጁንግ መንደር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1964 በሉክላ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ፤ በ1966 በኩንዴ ሐኪም ቤት ተቋቋመ። ሦስቱንም ያሠራው ሂላሪ ነው፤ ሥራውንም ከሼርፓዎቹ ጋር ሆኖ ሠራው። እንግዳው በብዛት በመጣ ጊዜ ኩምቡ ማንበብና መጻፍ የጀመረ ልጅ፥ ሕመምተኛ የሚታከምበት ቤት፥ ጭነት የሚወርድበት ሜዳ ነበራት። የፈቃድ ክፍያ ዝቅ ማለት ያመጣው ነገር አይደለም። ያለ እነዚህ ሦስቱ ቢሆን ኖሮ ሼርፓው እስከ ዛሬ ከጀርባው ሌላ የሚያከራየው ነገር ባልኖረው ነበር።

ይህም ሆኖ በተራራው ላይ የሚከፈለው ዋጋ እኩል አይደለም። በሚያዝያ 2014 በኤቨረስት መውጫ ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞችን ገደለ። ከሟቾቹ መካከል አንድም የውጭ አገር ሰው አልነበረም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ያን በየጊዜው የሚናድ የተሰነጣጠቀ በረዶ እንግዳው የሚያልፍበት ጥቂት ጊዜ ሲሆን፥ መሰላሉን የሚዘረጋው፥ ገመዱን የሚያስረው፥ ድንኳኑንና ኦክሲጅኑን የሚሸከመው ሠራተኛ ግን ደጋግሞ ይመላለስበታል። መንግሥቱ በመጀመሪያ ለሟች ቤተ ሰብ እሰጣለሁ ያለው 40,000 ሩፒ፥ ማለት 400 ዶላር ያህል ነበረ። በዚያው ዓመት ሰባት ሆነው ከሚወጡት እንግዶች እያንዳንዱ ለፈቃድ ብቻ 10,000 ዶላር ይከፍል ነበር። ሼርፓዎቹ ተቈጥተው ሥራ አቆሙ፤ የዚያ ወራት መውጣትም ቀረ። ለሠራተኛው የሚገባው የሕይወት ዋስትና ከ1 ሚሊዮን ሩፒ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሩፒ ከፍ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው እስኪሞትና ሥራ እስኪቆም ድረስ ያልታየ መብት ምን ዓይነት መብት እንደ ሆነ ለአንባቢ እንተወዋለን።

አሁን ወደ ምዕራቡ አውራጃ እንመለስ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 97ቱ ተራሮች የሄዱት ተራራ ወጪዎች 68 ብቻ ነበሩ፤ በ2024 በአንድ ዓመት ለኤቨረስት ብቻ 421 ፈቃድ ተሰጥቷል። ከተራራ መውጫ ክፍያ ከሚሰበሰበውም ገንዘብ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚገኘው ከዚሁ ከአንዱ ተራራ ነው። እንግዳው ወደ ምዕራቡ ያልሄደው ክፍያው ከብዶት ነውን? ለኤቨረስት በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ዶላር የሚያወጣ ሰው በጥቂት መቶ ዶላር ምክንያት መንገዱን አይለውጥም። ያልሄደው መንገዱ አስቸጋሪ፥ አውሮፕላኑ አልፎ አልፎ የሚገኝ፥ ማረፊያው ጥቂት፥ አደጋ ቢደርስ የሚያነሣው ሄሊኮፕተር ሩቅ ስለ ሆነ ነው። ክፍያውን ማንሣት መንገድ አይሠራም።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። በ2017 በወጣው የኔፓል ሕግ መሠረት፥ ከተራራ መውጫ ከሚገኘው ገንዘብ ከመቶ 50 እጅ ለማዕከላዊው መንግሥት፥ 25 እጅ ለክፍለ ሀገሩ፥ 25 እጅ ለአካባቢው አስተዳደር ይከፈላል። ከምንም ላይ 25 እጅ ምንም ነው። ኤቨረስትን ለመውጣት 15,000 ዶላር ሲከፈል የኩምቡ ሕዝብ ድርሻ ያገኛል፤ የአፒንና የሳይፓልን ተራራ በነጻ ሲወጡ የምዕራቡ ገበሬ የሚያገኘው ድርሻ የለም። ለድኻው ተብሎ የተደረገው ነገር ድኻው በሕግ የነበረውን ትንሽ ድርሻ ወሰደበት። እንግዳ ሲመጣ ሥራ ያገኛል የሚሉ አሉ። እንግዳው ግን የሚመጣው ከካትማንዱ ድርጅት ጋር ነው፤ መሪውም፥ ወጥ ቤቱም፥ ሩዙም ከዚያው ጋር ተጭኖ ይመጣል። የመንደሩ ሰው ወይ ጭነት ይሸከማል፥ ወይ ቆሞ ያያል። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ይህ ፍርሃታችን ከባዶ የመጣ አይደለም። በ1992 የላይኛው ሙስታንግ ለእግር ተጓዦች ሲከፈት እያንዳንዱ እንግዳ ለአሥር ቀን 700 ዶላር እንዲከፍል፥ ከዚያም ውስጥ ከመቶ 60 እጅ ወደ አካባቢው እንዲመለስ ቃል ተገብቶ ነበር። ቃሉ በወረቀት ላይ ቀረና፥ በ2010 የአገሩ ወጣቶች ድርሻችን ካልተሰጠን ለእንግዳ መንገድ እንዘጋለን ብለው ተነሡ። ከዚያው አገር ግን ተቃራኒው ምሳሌ ይገኛል። በ1986 በተጀመረው የአናፑርና ጥበቃ ሥራ ሕዝቡ ከቦታው አልተባረረም፤ ከእንግዳው የሚሰበሰበውም የመግቢያ ገንዘብ ለዚያው ቦታ ጥበቃና ልማት እንዲውል ተደረገ። በማገዶ ፈንታ ሌላ ማብሰያ፥ ለመንገዱ ጥገና፥ ለመንደሩ ንጹሕ ውሃ ገንዘብ ተገኘ። ሁለቱም በአንድ አገር ውስጥ፥ በአንድ መንግሥት ሥር የሆኑ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ መወሰኑ ነው።

እንግዲህ ተራራው ይዘጋ የሚሉም አሉ። ቡታን በ1994 ከ6,000 ሜትር በላይ ያሉትን ተራሮች፥ በ2003 ደግሞ ተራራ መውጣትን በጠቅላላው ከልክላለች። በዚህም 7,570 ሜትር ከፍታ ያለው ጋንግካር ፑንሱም እስከ ዛሬ ሰው አልወጣበትም። በኔፓልም ማቻፑችሬ የተባለው ተራራ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ቅዱስ ስለ ሆነ፥ በ1957 የሄዱት እንግሊዞች ከጫፉ አምሳ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ቃላቸውን አክብረው ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም ተዘግቷል። እኛ ይህን እናከብራለን። ሰው ተራራውን ቅዱስ ነው ካለ ለቱሪስት ደስታ ሲባል አይረገጥም። ግን የምዕራቡ ገበሬ ሁሉ ተራራውን ዝጉልኝ አላለም። ዝጉም ክፈቱም ብሎ የሚጠይቀው ሰው አልመጣም። እኛ የምንቃወመው መክፈቱን ሳይሆን ሳይጠይቁ መክፈትን ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል የሚለው ተረት፥ ባለቤቱ ሞኝ ባይሆንም ያልተጠየቀ እንደ ሆነ ይሠራል።

ከእነዚያ አውራጃዎች ወጣቱ ዛሬ ወዴት ይሄዳል? ወደ ህንድ ከተሞችና ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳል። የእኛም እኅቶችና ወንድሞች በእነዚያው የዐረብ አገሮች ከኔፓላውያን ጐን ሆነው በሰው ቤትና በሕንፃ ሥራ ላይ ጕልበታቸውን ይሸጣሉ። ስለዚህ ተራራ ለወጣቱ እንጀራ ሊሆን ይችላል ሲባል ነገሩን በቀላሉ አናየውም። እኛም የስሜን ተራሮች አሉን። በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጥረው በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጡ። ለመውጣታቸው ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ የግጭ መንደር ሰዎች፥ ከ400 በላይ ቤተ ሰቦች፥ አገራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ መውረዳቸው ነው። ዋልያው መትረፉ ያስደስተናል፤ ነገር ግን በተራራው ስም የሚገባው ገንዘብ ከተራራው ለወረደው ሰው ምን ያህል ደረሰ ብሎ መጠየቅ የኔፓል ተማሪ ብቻ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ አሳባችንን በሦስት ነገር እንጠቀልላለን። አንደኛ፥ የፈቃድ ክፍያ ዝቅ ይበል እንጂ አይነሣ፤ የአካባቢውም ድርሻ እዚያው በአካባቢው ተሰብስቦ በሕዝቡ ፊት ይቈጠር። ሁለተኛ፥ ተራራ ከመከፈቱ አስቀድሞ መንገዱ፥ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ ይሠራ፤ የመንደሩም ልጅ መሪነትን ይማር፤ ለሚሸከመውም ሰው ዋስትናው ከመሞቱ በፊት ይወሰን። ሦስተኛ፥ በተራራው ሥር ያለው ሕዝብ ይጠየቅ፤ እምቢ ሲልም እምቢታው ይከበር።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፤ ቱሪስቱ ወደ ሌላ ይሄድብናል የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ተራራው ግን የትም አይሄድም። የሚሄደው ወጣቱ ነው፤ እሱንም ወደ አገሩ የሚመልሰው ከተራራው ወተት ጽዋው ሲደርሰው ብቻ ነው። አንድ ተራራ ተከፈተ የምንለው የውጭ አገር ሰው ጫፉ ላይ ሰንደቅ ዓላማ በተከለ ጊዜ ሳይሆን፥ ከሥሩ የተወለደው ልጅ ተምሮ የመውጫውን ደብተር ራሱ የያዘ ዕለት ነው።