የመርዛም ዕፀዋት ሥዕል ስላለባቸው የጥንት መጻሕፍት

የጥንት ዕቃ መሰብሰብ ከሚወዱት ሰዎች አንዳንዶቹ የሚፈልጉት የመርዛም ዕፀዋት ሥዕል ያለበትን አሮጌ መጽሐፍ ነው። ይህ ነገር ለሚሰማው ያስገርማል፤ ሰውን ለሚገድል ተክል ሠዓሊው ይህን ያህል ስለ ምን ደከመለት ያሰኛል። ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው፤ መድኃኒትና መርዝ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሥር ይበቅላሉና፥ ባለመድኃኒቱ እንዳይሳሳት ከቃል ይልቅ ሥዕል ይመራው ነበር።

ጀርመናዊው ሐኪም ሌዎንሃርት ፉክስ በ1542 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በባዝል ከተማ ያሳተመው መጽሐፍ፥ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ከ500 የሚበልጡ ሥዕሎች አሉበት። ዲጊታሊስ ለሚባለው ተክል ስሙን ያወጣለት እርሱ ነው። የዚህ ተክል ቅጠል ልብን የሚያቆም መርዝ ነው፤ ሆኖም እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ በ1785 ዓ.ም. ስለዚሁ ተክል ባሳተመው መጽሐፍ፥ በልክ ሲሰጥ ሰውነቱ በውሃ ያበጠውን በሽተኛ እንደሚረዳ አስረዳ። አገራችን አስተናግር እያለች የምትፈራው ተክልም በኤውሮጳ የታወቀ ስለ ሆነ፥ በእንደነዚህ ያሉት መጻሕፍት ተሥሎ ይገኛል።

ለቤተ ሰብ ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የወይዘሮ ኤልሳቤጥ ብላክዌል ሥራ ነው። ባሏ በዕዳ ምክንያት በሎንዶን በታሰረ ጊዜ፥ በቼልሲ ካለው የመድኃኒት ተክል ቦታ አጠገብ ቤት ተከራይታ 500 ዕፀዋት ሣለች፤ በመዳብ ላይ የቀረጸችውም ቀለም የቀባችውም ራሷ ናት። መጽሐፉ ከ1737 እስከ 1739 ዓ.ም. በየሳምንቱ በክፍል በክፍል እየወጣ ተሸጠ፤ በገንዘቡም ባሏን ከእስር አስፈታችው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው፥ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ማውጫ ይዞ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ይቍጠር። አንዳንድ ነጋዴዎች ለየብቻው ሲሸጥ የበለጠ ትርፍ ስለሚያስገኝ፥ ሥዕሉን ገንጥለው በመስተዋት አድርገው ይሸጡታልና። ሥዕሉ ከጽሑፉ ሲለይ ግን ውበቱ ብቻ ይቀራል፤ መርዝነቱን የሚናገረው ቃል ጠፍቷል። ስለዚህ አስተዋይ ሰብሳቢ ሙሉውን መጽሐፍ ቢያረጅም ይመርጣል፤ የተገነጠለውን በመግዛትም ገንጣዩን አያበረታታም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝና በአሜሪካ ከታተሙት መጻሕፍት አንዳንዶቹ፥ ስለ ማናቸውም ጉዳይ ቢናገሩ፥ የልባሳቸው ጨርቅ አርሴኒክ በሚባል መርዝ በተሠራ ደማቅ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ነው። በአሜሪካ በዴላዌር ያለው የዊንተርቱር ቤተ መዘክር ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ እነዚህን እየመረመረ መዝግቧል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ልባስ ያለውን መጽሐፍ በእጅ ሹራብ መያዝ፥ ምግብ በሚቀርብበት ገበታ ላይ አለማኖር፥ ከነኩትም በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። ሕፃናት ሥዕሉን ለማየት ቢወዱ፥ ወላጅ ራሱ ገልጦ ያሳያቸው፤ የተክሉንም ስምና ጉዳት አብሮ ያስተምራቸው። መጽሐፉ ከመጀመሪያው የተደከመለት ለዚሁ ነበርና።