ዝቅተኛ ቁጥር ሁልጊዜ ጤና ማለት አይደለም፤ ያልተለመዱ የፕሮስቴት ካንሰር ዓይነቶችን የመለየት ፈተና

በመስቀል ሰሞን ወደ ወልቂጤና ቡታጅራ አካባቢ የሚገቡ ልጆች አባቶቻቸው ሌሊት ደጋግመው ለሽንት ሲነሡ ያስተውላሉ። ብዙዎች «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል። በእርግጥም አዘውትሮ መንስኤው ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት እጢ መተለቅ ነው። አስቸጋሪው ነገር ምልክቱ አንድ ሆኖ መንስኤው መለያየቱ ነው።

ከፕሮስቴት ካንሰሮች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት አዴኖካርሲኖማ ይባላሉ። ከቀሪዎቹ አንዱ «ስሞል ሴል» የተሰኘው ፈጥኖ የሚሠራጭ ዓይነት ነው። ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ የተለመደውን ዓይነት ለመጠርጠር ይረዳል፤ ስሞል ሴል ግን ቁጥሩን ከፍ ላያደርገው ይችላል። በአንጻሩ ቁጥሩ ካንሰር በሌለበትም በእጢ መተለቅ ወይም በኢንፌክሽን ምክንያት ይጨምራል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

ለጉራጌ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም። እንሰት የሚጠወልገው በአጠውልግ በሽታ ወይም ፍልፈል ከሥር ስለበላው ሊሆን ይችላል። ተቆርጦ ቢጫማ ፈሳሽ ሲወጣው ግን በሽታው ይለያል። በሰውም ቁርጡን የሚያሳውቀው ከእጢው የሚወሰደው ናሙና ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ቀጫጭን ናሙናዎች ተወስደው በፎርማሊን ይቀመጣሉ፤ የፓቶሎጂ ባለሙያም በማይክሮስኮፕ ይመረምራቸዋል። ያልተለመደ ዓይነት ሲጠረጠር ልዩ የማቅለሚያ ምርመራ ይታከላል።

ዓይነቱን መለየት ሕክምናውን ይወስናል። የተለመደው ካንሰር የወንዴ ሆርሞንን በመቀነስ ለጊዜው ይገታል፤ ለስሞል ሴል ግን ዋናው ሕክምና ኬሞቴራፒ ነው። ስሕተት የሚያስከፍለው ጊዜ ነው።

ጊዜ ደግሞ ለገጠሩ ታማሚ ውድ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሪፈር ይዞ ደረጃ በደረጃ ያልፋል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም መጀመሩ ጫናውን አቅልሏል። ይሁን እንጂ የሕክምና ማዕከል መብዛት ብቻውን በቂ አይደለም። ናሙናው በወቅቱ ካልተወሰደና ውጤቱ ለታማሚው ካልደረሰ፣ ማሽኑ ቢቀርብም ሕክምናው ይርቃል።

ስለዚህ ሽንቱ የሚቆራረጥበት፣ ደም የሚቀላቀልበት ወይም ወገቡን ያለማቋረጥ የሚያመው አባት የፒኤስኤው ቁጥር ዝቅ ቢልም ምልክቱ ከቀጠለ ወደ ሐኪሙ መመለስ ይኖርበታል። የቀድሞ ውጤቶቹንና የሪፈር ወረቀቱን በአንድ ማኅደር መያዙ፣ ለሚቀጥለው ሐኪም ከአፍ ምስክርነት ይበልጥ ይጠቅማል።