የጽድ አጥሩን ማን ይመልከተው?

በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች ዙሪያ የፈረንጅ ጽድ አጥር ማየት የተለመደ ነው። አርሶ አደሩም ግቢውን ያጥርበታል። ግቢ ያሳምራል፣ ነፋስና አቧራ ይከላከላል። ይሁንና አጥሩ ከውስጥ በኩል እየጠወለገ ቡናማ ሲሆን የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ “ውኃ አጥቶ ነው” ይባላል። ቅርንጫፉን ገልጦ የሚያይ የለም።

ቢገለጥ የጽድ ክሽክሽ ሊገኝ ይችላል። አርሶ አደሩ ክሽክሽን በገብስ፣ በአተርና በጎመን ላይ ያውቀዋል። የጽዱ ግን ዘመዱ እንጂ ያው ተባይ አይደለም። ቡናማ ሆኖ ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ ተጠጋግቶ ሰፍሮ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ፈሳሽ ይመጣል፤ ምራቁም ለዛፉ መርዝ ነው። እንስቷ ያለ ወንድ ስለምትራባ በበጋ ቁጥሩ ሳይታሰብ ይበዛል። ከባድ ዝናብ አጥቦ ይቀንሰዋል፤ ይህም ክረምት ላይ “ዳነ” ተብሎ እንዲዘነጋ ያደርጋል።

ተባዩ መጤ ነው። በአፍሪካ በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ሲሆን፣ በ1990 ኬንያ ደርሷል፤ ኋላም ወደ አገራችን ገብቷል። በማላዊ የፈረንጅ ጽድ ላይ ብቻ አልቆመም፤ የአገሪቱን ብሔራዊ ዛፍ፣ የሙላንጄን ጽድ አጥቅቷል። የእኛ የሐበሻ ጽድም ከሚመገባቸው ዛፎች አንዱ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የግቢ ማስዋብ ብቻ አይደለም። ከአጥሩ አልፎ የአርሶ አደሩን የአጣና ተክልና የቤተ ክርስቲያን ደን የሚነካ ነው።

በእኔ እምነት ትልቁ ችግር አጥር ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሚያስሰው ሰብል ነው፤ የደን ባለሙያው ደን ያያል፤ የጽሕፈት ቤቱ አትክልተኛ ደግሞ መከርከሙን እንጂ ተባዩን እንዲያይ አልታዘዘም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በተባይ አሰሳ ቅጻቸው ላይ ለጽድ አንድ መስመር ቢጨምሩ ወጪው ወረቀት ብቻ ነው።

አሰሳው ከባድ አይደለም። በበጋ ወራት በየ15 ቀኑ ከአጥሩ አራት አምስት ቦታ መርጦ ቅርንጫፉን ወደ ውስጥ ገልጦ ማየት፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ ቅርንጫፉን መታ መታ ማድረግና የሚወድቀውን መቁጠር ነው። ቅጠሉ የሚያጣብቅ፣ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ የለበሰ፣ ጉንዳን የሚመላለስበት ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዚህ አንዱም ካልታየ ግን ምክንያቱ ድርቅ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ክሽክሽን መወንጀል አይገባም። መጠበቅም አያዋጣም፤ ጽድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ የደረቀው ጎን መልሶ አይለመልምም።

ተባዩ በጥቂት ቅርንጫፎች ላይ ሳለ ቆርጦ እዚያው ማቃጠል ወይም መቅበር ይቻላል። የተከረከመውን በጋሪ ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር መውሰድ ተባዩን ማከፋፈል ነው። በሳሙና የተበጠበጠ ውኃ ቅርንጫፉን እስኪያርስ መርጨትም ለአነስተኛ አጥር ይረዳል። ኬሚካል ግን ያለ ባለሙያ ምክር ባይነካ ይሻላል። ሰው በሚመላለስበት፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት አጥር ላይ መርጨት በራሱ አደጋ አለው። ክሽክሹን የምትበላዋን ቀይ ጥንዚዛም ይገድላል። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ክሽክሹን የሚያጠቃ ጥገኛ ተርብ ከውጭ አምጥታ የለቀቀችው የደን ዛፍን ሁሉ መርጨት ስለማይቻል ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ግን የችግኝ ጣቢያው ነው። በየክረምቱ ችግኝ በመኪና ተጭኖ ከወረዳ ወረዳ ይጓዛል። የጽድ መደብ ላይ ክሽክሽ ካለ በራሳችን ነዳጅ አጓጓዝነው ማለት ነው። ስንት ችግኝ እንደተሰራጨ በየሪፖርቱ ይጻፋል፤ ስንቱ ተፈትሾ እንደወጣ ግን ሲጻፍ አላየሁም። የጣቢያው ኃላፊ የጽድ ችግኝ ከመጫኑ በፊት የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ መደቡን አይቶ እንዲፈርም ቢደረግ፣ ተባዩ የተገኘበት መደብም እስኪጸዳ እንዲቆይ ቢታገድ፣ ሥራው ከግንቦት መጨረሻ በፊት ሊጠናቀቅ የሚችል ነው።