ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?

የኮምፒዩተር ነገር ሲነሣ በመኝታ ቤታችን ያለው ክርክር የእግር ኳስ ክርክር ይመስላል። አንዱ ለዊንዶውስ ይጮኻል፤ ሌላው ለሊኑክስ ይምላል፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ በማክ ይኮራል። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ ሆኖም የመመረቂያ ጽሑፋችንን የምንጽፈው በዚሁ መሣሪያ ነውና ነገሩን ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ብቻ ልንተወው አይገባንም።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚሠሩበት ዋና ፕሮግራም ነው። የድሬዳዋ ሰው በሐዲድ ቢመስለው ይቀለዋል። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጂቡቲ ተነሥቶ ከከተማችን የደረሰው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ግን 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። የአሮጌው መሥመር ፉርጎ ጤነኛ ቢሆንም በአዲሱ ላይ አይሄድም። ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራምም እንዲያው በሊኑክስ ላይ አይሄድም። ሐዲዱን የመረጠ ሰው ፉርጎውንም አብሮ መርጧል ማለት ነው።

ጉዳዩን ዛሬ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ጥበቃውን በልዩ ምዝገባ ለተወሰነ ጊዜ ማራዘም ቢቻልም፥ መጨረሻው ያው ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍልና በስም የተፈቀደ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ወላጆቻችን ከታይዋን ገበያ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዙልን ብዙዎች ነን። መሣሪያው ይሠራል፤ ቁልፎቹ ይታዘዛሉ፤ ግን ጊዜህ አልፏል ተብሏል። የዕቃችንን ዕድሜ የሚወስነው ማን ነው? ጥያቄው ይህ ነው።

ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ያን ጊዜ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ አሠራሩም ለማንም ክፍት ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ የሆነውን ኡቡንቱን እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው ደቡብ አፍሪቃዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ነው። እንደ ሉቡንቱ ያሉት ቀላሎቹ ዝርያዎች በአሮጌ ማሽን ላይ ደኅና አድርገው ይሠራሉ። ሊኑክስ እንግዳ ነው የሚለንም ሰው አንድሮይድ ስልኩን ከኪሱ ያውጣ፤ እምብርቱ ሊኑክስ ነው።

ይሁን እንጂ የሌላውን ወገን ክርክር መናቅ አይገባም። ቀጣሪው የሚጠይቀው ዎርድና ኤክሴል ነው። የብዙ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ ጠጋኙም የለመደው እርሱን ነው። ሊብሬኦፊስ የዎርድን ጽሑፍ ቢከፍትም አንዳንድ ጊዜ የገጹን አቀማመጥ ያዛባል። ስለዚህ መሥሪያ ቤት ሁሉ ነገ ይለውጥ አንልም። ነገር ግን ያለ ፈቃድ በተባዛ ዊንዶውስ እየሠሩ «እኛስ በነፃ አገኘነው» ማለት ራስን ማታለል ነው፤ የተሰበረ ቅጂ ቫይረሱን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ስለ ፊደላችንም አንድ ቃል እንጨምር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ እስከ ገባበት ጊዜ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ አቆጣጠር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ሦስቱም፥ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም፥ ፊደላችንን ያነባሉ። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ ሲስተም ቢለወጥ አይጠፋም። የጋራ ስምምነት የሚጠቅመው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እንለምናለን። አንደኛ፥ አዲስ ገቢ ተማሪ ሁለቱንም እንዲያውቅ በመለማመጃው ክፍል ከፊሎቹ ማሽኖች ሊኑክስ ይጫንባቸው። ሁለተኛ፥ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ማሽን ወደ መጋዘን ከመጣሉ በፊት በሊኑክስ ይሞከር። ሦስተኛ፥ ጽሕፈት ቤቶች የአማርኛ ሰነዳቸውን በዩኒኮድና ማንኛውም ሲስተም ሊከፍተው በሚችል ቅርጽ ያስቀምጡ።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ጓደኛ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ በሚቀጥለው ዕትም መልሱን ብናነብ ደስ ይለናል።