ጄቱን ሳይሆን ማዘዣውን፦ የአየር ኃይል ዋና መምሪያዎች ለምን በኮንቴይነር መጫን ጀመሩ?

የኢራንና የእስራኤልን የ12 ቀን ጦርነት በስልካችሁ ከተከታተላችሁ የሚሳኤሎቹን ቪዲዮ አትረሱትም። እስቲ ከዚያ ጦርነት ሁለት ቀን ብቻ ነጥለን እንይ።

አንደኛው ሰኔ 6 ቀን 2017 ነው። በመጀመሪያው ሌሊት የኢራን አብዮታዊ ዘብ የኤሮስፔስ ኃይል አዛዥ ጄኔራል አሚር አሊ ሃጂዛዴ ተገደሉ። እስራኤል እንዳለችው አዛዡና ከፍተኛ መኮንኖቻቸው አንድ የምድር ውስጥ ማዘዣ ጣቢያ ተሰብስበው ነበር። መሞታቸውን ኢራንም አረጋግጣለች።

ሁለተኛው ሰኔ 16 ነው። ኢራን ኳታር ውስጥ ወዳለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ አል ኡዴይድ፣ ሚሳኤል ተኮሰች። የሞተ ሰው አልነበረም። ፍንዳታው ግን ዶሃ ድረስ ተሰምቷል፣ ኳታርም የአየር ክልሏን ዘግታ ነበር። ዶሃ እህት ወይ ወንድም ያለው ሰው ያን ምሽት እንዴት እንዳመሸ መገመት አይከብድም።

የሁለቱ ቀን ዒላማዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁለቱም ቦታዎች የአየር ጦርነት የሚታዘዝባቸው ናቸው። አል ኡዴይድ ውስጥ አሜሪካ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመካከለኛው ምሥራቅ የአየር ዘመቻዋን የምትመራበት ማዕከል አለ። ከአፍጋኒስታን እስከ ሶሪያ የበረሩ ጄቶች ትዕዛዝ ሲወጣ የነበረው ከዚያ ነው።

ለመሆኑ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን አንድ ጄኔራል ስክሪን ላይ አፍጥጦ "ምታ!" ሲል ነው የሚታየን። እውነታው ከፊልሙ ይልቅ የትልቅ ድግስ ጓዳን ይመስላል። ሥራው አምስት ቦታ ተከፍሏል።

1. የስትራቴጂ ክፍል፦ "ለምንድነው የምንዋጋው? ቀጥሎ ምን ይምጣ? ያለፈው ምት ውጤት አመጣ ወይ?" የሚለውን ያስባል።
2. የዕቅድ ክፍል፦ የትኛው አውሮፕላን፣ ከየት ተነስቶ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ጭኖ፣ የት ነዳጅ ተቀብሎ እንደሚሄድ ይጽፋል።
3. የዘመቻ ክፍል፦ የዛሬውን በረራ በቀጥታ ይከታተላል። አንድ ነገር ሲበላሽ እዚያው ያስተካክላል።
4. የመረጃና ቅኝት ክፍል፦ ከሳተላይት፣ ከድሮንና ከሌላም ምንጭ የመጣውን ይመረምራል።
5. የትራንስፖርት ክፍል፦ ሰው፣ ዕቃና ቁስለኛ የሚያመላልሱትን ይመራል።

ከእነዚህ ጎን ከምድር ጦርና ከባሕር ኃይል የመጡ አገናኝ መኮንኖች አሉ። "ይሄን ዒላማ መምታት በሕግ ይፈቀዳል? ሲቪሎችስ?" ብሎ የሚጠይቅ የሕግ አማካሪም አለ። ይህን ሰው አስታውሱት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

የሁሉም ውጤት አንድ ሰነድ ነው፦ የየዕለቱ የአየር ተልዕኮ ትዕዛዝ። አንዱን ትዕዛዝ ከሐሳብ እስከ በረራ ለማድረስ ብዙውን ጊዜ 72 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት የሦስት ቀን ሥራ አብሮ እየሄደ ነው። ልክ እንደ ድግሱ፦ የዛሬው እየቀረበ ነው፣ የነገው እየተሠራ ነው፣ ለተነገ ወዲያው ገና ሽንኩርት እየተገዛ ነው። ጓዳው ሲመታ እንግዲህ የሚቋረጠው የዛሬው ብቻ አይደለም።

መፍትሔው፦ ጓዳውን መኪና ላይ መጫን

ኔቶን እንይ። ኔቶ በራምሽታይን፣ ጀርመን፣ የአየር ዕዝ አለው። ከሥሩ እንደ ኡደም (ጀርመን) እና ቶሬሆን (ስፔን) ያሉ ማዕከላት አሉ። በቅርቡ ደግሞ ቦዶ፣ ኖርዌይ ላይ ሌላ ተጨምሯል። ሰሜን ጣሊያን ፖጆ ሬናቲኮ ያለው ግን ይለያል። እሱ የተቋቋመው ተነስቶ እንዲሄድ ነው።

አደረጃጀቱ ቀለል ተደርጎ ሲታይ ሦስት ነው። አንደኛው ከላይ ያየነውን የዕቅድና የትዕዛዝ ሥራ የሚሠሩት ባለሙያዎች ናቸው። ሁለተኛው ከአብራሪው ጋር በቀጥታ የሚያወራው የቁጥጥር ክፍል ነው። ይሄኛው በራሱ ሦስት ሥራ አለው፦ ከብዙ ራዳሮች የሚመጣውን ምልክት አንድ ላይ ማዋሃድ፣ "ይሄ የኛ ነው፣ ይሄ የጠላት ነው፣ ይሄ መንገደኛ ነው" ብሎ መለየት፣ ከዚያም ጄቶቹን መምራት። ሦስተኛው ተንቀሳቃሽ ራዳሮቹ ናቸው።

ይሄ ሁሉ ኮንቴይነርና ድንኳን ውስጥ ይገባል። በከባድ መኪናና በአውሮፕላን ይጫናል፣ ጄኔሬተሩም አብሮ ይሄዳል። የቁጥጥር ክፍሉ ባልቲክ አገሮች ድረስ ተወስዶ ሠርቷል።

አሜሪካም ሌላ ዘዴ ሞክራለች። መስከረም 17 ቀን 2012፣ እኛ መስቀልን ስናከብር በዋልንበት ቀን፣ አል ኡዴይድ ያለው አዳራሽ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ለ24 ሰዓት ያህል የባሕረ ሰላጤው፣ የሶሪያና የአፍጋኒስታን በረራ የታዘዘው ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ሾው የአየር ኃይል ሰፈር፣ ሳውዝ ካሮላይና ነበር። መልእክቱ ለኢራን ግልጽ ነው፦ "ሕንጻውን ብትመቱት እንኳ ሥራው አይቆምም።"

ታዲያ ነገሩ በዚህ አለቀ? አላለቀም።

የመጀመሪያው ችግር መገናኛ ነው። በሰኔ 16ቱ ጥቃት አብዛኞቹ ሚሳኤሎች ቢከሽፉም አንዱ አልፎ ገብቷል፣ ይህንን ፔንታጎንም አምኗል። የሳተላይት ፎቶዎች ያሳዩት ደግሞ የሳተላይት መገናኛ መሣሪያ የያዘው ነጭ ጉልላት መውደሙን ነው። ማዘዣ ወደ ድንኳንም ሄደ ወደ ሌላ አህጉር፣ የሚኖረው በመገናኛ መስመር ነው። ድንኳኑ ቢደበቅ እንኳ ራዳሩና ሬዲዮው ሞገድ ይረጫሉ፣ ሞገድ ደግሞ አድራሻ ይናገራል። ቶሎ ቶሎ መነሳት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር የሚመለከተው ወታደሩን ብቻ አይደለም። ማዘዣው አንድ ሕንጻ በነበረ ጊዜ ዒላማው አንድ ነበር። ሲበታተን ግን ተራ የኤርፖርት ማኮብኮቢያ፣ የከተማ ዳር ሜዳ፣ የሌላ አገር መሬት ሁሉ ዒላማ ሊሆን ይችላል። ለአዛዡ ደህንነት የሚሰጠው ነገር ለጎረቤቱ ስጋት ሊያመጣ ይችላል። ዶሃ ያን ምሽት ያየችው ይሄንኑ ነው፦ ኳታር በጦርነቱ አልነበረችም፣ ማዘዣው ግን ግቢዋ ውስጥ ነበር።

ሦስተኛው፣ ለኔ ከባዱ፣ ያ የሕግ አማካሪ ነው። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አንድ ዒላማ ከመመታቱ በፊት ብዙ ሰው ያየዋል። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ይይዘዋል። ማዘዣው ሲያንስ ወንበር ይቀንሳል። መስመር ሲቋረጥ ደግሞ ውሳኔው ወደ ታች፣ ሰዓት ወደሌለው መኮንን ይወርዳል። "ቆይ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ማን አለ?" የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ከሚዘለሉት አንዱ እንዳይሆን ያሰጋል። የዚያን ዋጋ የሚከፍለው መሬት ላይ ያለው ሲቪል ነው።

በርግጥ ሌላ አማራጭ ብዙም የለም። ሰኔ 6 እንዳሳየው መሪዎችን አንድ ጉድጓድ ውስጥ መሰብሰብም መፍትሔ አይደለም። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ ኢራን ሚሳኤል ወደ እስራኤል ተኩሳለች። አዛዦቹ ሞተውም ሥራው ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ማዘዣ ማለት በመጨረሻ ሕንጻውም አለቃውም ብቻ አይደለም፣ ተተኪ ያለው የሥራ ቅደም ተከተል ነው።

እንግዲህ ቀጣዩ ጦርነት ሲነሳ ፊዳችሁ በጄት ቪዲዮ ይሞላል። "ስንት ጄት አላቸው?" ብሎ መከራከሩ ደስ ይላል። ግን ሁለት ጥያቄ ጨምሩበት፦ የሚያዝዛቸው አሁን የት ነው ያለው? ከጎኑስ ማን ይኖራል?