ዶሮ ማነቂያ ሳለ ያልሰማነው ማንቂያ

«ሠርቶ የደኸየ ሰው እስቲ አሳየኝ» አለኝ በቀደም አንድ ጎልማሳ፣ ፒያሳ ቆመን ማኪያቶ ስንጠጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ከገጠር መጥቶ፣ ጫማ ጠርጎ፣ በማታ ተምሮ ዛሬ ባለመኪና ሆኗል። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር አፍ ያስዘጋል፤ ሕይወቱን ምስክር አድርጎ ፊትህ አቁሞታልና። እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቴ ያ ነው። ንግግሩን ከዚያ ወዲህ በታክሲ ሰማሁት፣ በሬዲዮ ሰማሁት፣ ሰርግ ቤት ክትፎ ላይ ሰማሁት። ድሃ ማለት ያልነቃ ሰው ነው፣ ራሱን ያልለወጠ ነው፣ እያልን ነው። ይህን የምንለው ደግሞ ድሃው ቆሞበት የኖረውን መሬት ከእግሩ ሥር እየሳብን ባለንበት ሰዓት ነው። የምጮኸው ለዚህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ጥሪቱን አጠራቅሞ ቤት የሠራ ብዙ ሰው ያኔ ተነጠቀ፤ ያም ፍትሕ አልነበረም፣ ልንሸፋፍነው አይገባም። ነገር ግን በዚያ አዋጅ ምክንያት አራዳ በምንለው የፒያሳ ሰፈር ውስጥ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሊስትሮው፣ የወርቅ ቤቱ ሠራተኛና ጡረተኛው መምህር በጥቂት ብር ኪራይ መሀል ከተማ ኖሩ። ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እሪ በከንቱ እንዲህ ሆነው አረጁ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ መጣና ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ፒያሳ ላይ አላቆመም፤ ካዛንችስ ተከተለ፣ ከአዲስ አበባም አልፎ ክልል ከተሞች ገባ። መንገዱ አምሯል፤ ማታ ማታ ሕፃናት ይቦርቁበታል። የዚያን ሰፈር የጋራ መጸዳጃ ወረፋ የሚናፍቅም አላገኘሁም። ጣራው የሚያፈስ የጭቃ ቤት ቅርስ ነው ብዬ አልከራከርም።

ጭቃው ውስጥ የነበረውን ግን የቆጠረ አለ?

አንዲት ባል የሞተባት እንጀራ ሸጪ እናስብ። ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ጤፍ ከሱቁ በዱቤ ትወስዳለች፤ ባለሱቁ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው እናቷንም ስለሚያውቅ ነው። ዕቁብ ትጥላለች፤ ዕጣ ሲደርሳት ዋስ የሚሆኗት ጎረቤቶቿ ናቸው። ልጇ ሲታመም ቤቱን የምትጠብቅላት የግድግዳ ተጋሪዋ ናት። ሰው ቢሞትባት ድንኳኑን የሚተክለው ዕድሩ ነው። እንግዲህ ይህች ሴት ሰነፍ ናት? በየሳምንቱ ዕቁብ ሳታጓድል የጣለች ሰው፣ ባንክ አንድ ቀን በሩን ሳይከፍትላት ቁጠባን ያስተማረች ናት። የግል ኃላፊነት የሚባለው ነገር አራዳ ውስጥ መልኩ ይኸው ነበር። መያዣው ካርታ ሳይሆን ትውውቅ ነበር።

አሁን ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አውጧት። ምናልባት ቧንቧዋ የግሏ ነው፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ደንበኞቿ ግን ፒያሳ ቀርተዋል። ዱቤ የሚሰጣት የለም፣ ዋስ የሚሆናት አታውቅም፣ ምጣዷን ይዛ ታክሲ እየቀያየረች አትመላለስም። በስድስት ወሯ ብትቸገር ያ የማኪያቶ ወዳጄ «ቤት ተሰጥቷት እንኳ አልተለወጠችም» ይላታል። እሷ ደግሞ ዕድለኛዋ ናት። በእሷ ሥር በደባልነት ይኖር የነበረው የቀን ሠራተኛ፣ የቀበሌው መዝገብ ስሙን የማያውቀው፣ ከነፍራሹ የት ገባ?

ካፒታሊዝም ነው፣ ገበያ ነው፣ ይባላል። መልካም፤ በገበያው ሕግ እንነጋገር። ዋጋ የጨመረ ሰው ከዋጋው ይካፈላል፣ አይደል? የፒያሳን መሬት ውድ ያደረገው ማን ነው? ከምኒልክ ዘመን የጊዮርጊስ ገበያ ጀምሮ እዚያ የሸጠው፣ የሰፋው፣ ቡና ያፈላው፣ ሙዚቃ የከፈተው ሕዝብ ነው። ጣሊያን ያንን ገበያ ነቅሎ ወደ ዛሬው መርካቶ ሲወስደው እንኳ አራዳ ራሷን እንደገና ሠራች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ይለዋል፤ መሬቱ በሊዝ ሲተላለፍ ግን የዋጋው ጭማሪ ወደ ቀበሌ ቤቱ ተከራይ አይመጣም። ባለሀብቱ ደፍሮ ላወጣው ገንዘብ ትርፍ ይገባዋል ካልን፣ መቶ ዓመት ሰፈሩን ላሞቀው ሰው ምን ይገባዋል? ይህ የሶሻሊስት ጥያቄ አይደለም። የነጋዴ ጥያቄ ነው።

ደግሞ ጊዜው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚኖር ከደነገገ በኋላ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ወለል ሳይወጣ ዓመታት አለፉ። ዋጋው ለገበያ ተለቀቀ፣ ቤቱ ፈረሰ፣ ደመወዙ ወለል የለውም፤ ለድሃው የቀረለት ምክር ብቻ ነው። «ንቃ» እንለዋለን። ጎህ ሳይቀድ የተነሣን ሰው!

ወገኖቼ፣ ቀጣዩ ሰፈር የማን እንደሆነ አላውቅም። የእናንተ ቢሆን ግን የማፍረሻው ምልክት ግድግዳችሁ ላይ ከመቀባቱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ዕድራችሁን አታፍርሱ፤ የምትነሡ ከሆነ አንድ ላይ አስፍሩን ብላችሁ በዕድር ስም ጠይቁ፣ በየግላችሁ አትለምኑ። የደባሎቻችሁንም ስም አብራችሁ ጻፉ። ባለይዞታ የሆናችሁ ካሳና አቤቱታ በሕግ የታወቀ መብታችሁ እንደሆነ እወቁ፤ ወረቀታችሁን ከሣጥን አውጡ፣ ፎቶ አንሱት። የዱቤ ደብተር ያላችሁ ባለሱቆችም፣ ሂሳቡን ከደንበኞቻችሁ ጋር ዛሬ ተሳሰቡ፤ ሲበታተኑ ባለዕዳም አበዳሪም እኩል ይከስራል።

እናንተ ደግሞ ቤታችሁ የማይነካ፣ በቀጣዩ ሰርግ ላይ «ሠርቶ የደኸየ አሳየኝ» የሚል ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ እንደ እኔ ዝም አትበሉ። የበላበትን እንጀራ ማን እንደጋገረው፣ አሁንስ የት እንደምትኖር ጠይቁት።