ደንገልና እምቦጭ

ባለፉት ሳምንታት በዚሁ ዓምድ ስለ ጓዳና ስለ ልጆች አያያዝ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ነጠላችንን አጣፍተን፣ እኔ በምኖርበት ሰፈር በፖርት ቤል ጥቂት እንንሸራሸር። ፖርት ቤል በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ጥግ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የምትገኝ አነስተኛ ወደብ ናት። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ጧት ከደጄ ስወጣ በመጀመሪያ የሚቀበለኝ የብቅል ሽታ ነው። በ1946 የተቋቋመው የቢራ ፋብሪካ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ነፋሱ ከሐይቁ በተነሣ ቁጥር እናቴ ለበዓል ጠላ ስትጠነስስ ትዝ ትለኛለች። ጌሾው ብቻ ጎደለ። የዚህ አገር ሰው የሚወደው ቢራ «ቤል» ይባላል። ቢራው ስሙን ከወደቡ ወሰደ፤ ወደቡም የተሰየመው እንግሊዞች በ1906 ኡጋንዳን እንዲያስተዳድር በላኩት በሰር ሄስኬት ቤል ነው። በዚያ ዘመን የእንቅልፍ በሽታ በሐይቁ ዳር የሚኖረውን ሕዝብ ይፈጅ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ዝንብ ከውኃ ዳር ቁጥቋጦ ስለማትርቅ፣ ሹሙ የዳርቻው ነዋሪ ከነቤተሰቡ ተነሥቶ ወደ መሀል አገር እንዲገባ አዘዘ። ትእዛዙ ነፍስ ማዳኑ አይካድም። ቤቱንና ጀልባውን ጥሎ ለሄደው ሰው ግን ወደብ አልተሰየመለትም።

ቁልቁል ስወርድ የባቡር ሐዲዱን እሻገራለሁ። ባቡር ከሞምባሳ ተነሥቶ በ1901 ኪሱሙ ከደረሰ በኋላ፣ የካምፓላ ዕቃ ከኪሱሙ በመርከብ እየተጫነ በዚህ በኩል ይገባ ነበር። በ1931 ባቡሩ ራሱ በየብስ ካምፓላ ሲገባ የወደቧ ግርማ ቀነሰ።

ከወደቡ አጥር ሥር፣ ዘመናቸውን በጫኝና አውራጅነት የፈጸሙ አንድ ሽማግሌ ጧት ጧት ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ቀን ሐይቁን እያሳዩ፣ «በ1990ዎቹ ዓመታት ይህ ሁሉ የከብት መስክ ይመስል ነበር። ልጆች እንዳይረግጡት በዱላ እንመልሳቸው ነበር» አሉኝ። አረሙ ሐምራዊ አበባ እንደነበረው ሲነግሩኝ ልቤ ደነገጠ። እኔ ባሕር ዳር በጦር ሰፈር ያደግሁ የወታደር ልጅ ነኝ። ጣና ላይ በ2011 መታየቱ የተነገረው እምቦጭ ይኸው ነው!

መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ለአበባው ውበት ሲባል ከአገር አገር ተወሰደ፤ በተመቸው ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ፖርት ቤልን በዘጋ ጊዜ መርከብ መግባትና መውጣት ተቸገረ፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት አጣ። አረሙን የሚያጭድ መሣሪያ ቢመጣም ብቻውን አልበቃም። በ1995 ግን ጥቃቅን ጢንዚዛዎች በሐይቁ እምቦጭ ላይ ተለቀቁ። ጢንዚዛዎቹ እህላችንን በጎተራ የሚፈጀው የነቀዝ ዘመዶች ናቸው። ነቀዝን ስትረግሙ የኖራችሁ እህቶቼ፣ በዚህ ስፍራ ያለ ደመወዝና ያለ ቀለብ የዘመተው የእርሱ ወገን መሆኑን ስትሰሙ ምን ትሉ ይሆን? በ1998 መጨረሻ አረሙ እየሰጠመ በእጅጉ ቀነሰ። ድሉ የጢንዚዛው ነው ወይስ በ1997 እና በ1998 የወረደው የኤልኒኖ ዝናብና ማዕበል? ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። ሽማግሌው፣ «ሁለቱም ይመስገኑ» ብለው ከክርክሩ ወጡ። ጠላቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ የካጌራ ወንዝ ዛሬም ወደ ሐይቁ ያመጣዋል።

ከወደቡ ስመለስ በሉዚራ ግርጌ ወዳለው ረግረግ እታጠፋለሁ። እዚያ ደንገል ይበቅላል፤ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል ነው። የናኪቩቦ ቦይ የካምፓላን እድፍ እየጠረገ መጥቶ በዚህ ረግረግ በኩል ወደ ሐይቁ ይገባል። ደንገሉ ጥቅጥቅ ባለው ሥሩ የእድፉን ብዙ ክፍል ያስቀራል። ለከተማው የመጠጥ ውኃ የሚቀዳው ደግሞ ከዚያው ከሐይቁ ክንድ፣ ጋባ ከሚባለው ስፍራ ነው። ውኃው እየቆሸሸ ማጣሪያው ወጪ ስለበዛበት፣ ከተማው ተጨማሪ ውኃ ከሩቅ ከካቶሲ ለማምጣት ተገድዷል። ደንገልም ቢሆን ቦታውን ሲለቅ ጥፋት ያመጣል። በ2020 ሐይቁ ሞልቶ የ1964ን ከፍታ ባለፈበት ዓመት፣ ከዳር የተገነጠለ ተንሳፋፊ ደሴት ጂንጃ ካለው የኤሌክትሪክ ግድብ ገብቶ አገሩን በሙሉ አጨልሞት ነበር።

ጎረቤቴ ከዚህ ረግረግ ደንገሉን እየመነጠረች ጎደሬ ትተክላለች። አራት ልጆች አሏት፤ ሁሉም ትምህርት ቤት ናቸው። የ1995 የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት ረግረጉን መንግሥት ለሕዝብ በአደራ እንዲጠብቅ ስለሚደነግግ፣ ልቀቂ የሚል ማስጠንቀቂያ ሁለት ጊዜ ደርሷታል። ከእኛ ከወታደር ቤተሰቦች መካከል «ነገ ተነሡ» ተብላ በአንድ ሌሊት ዕቃዋን ያልጠቀለለች ማን ናት? ቢሆንም ለእኛ መኪና ይላክልናል፤ የምንገባበት ሌላ ሰፈርም አለ።

ባለፈው ቅዳሜ እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ ሆኖ አገኘኋትና ደፍሬ ጠየቅኋት።

«ይህን ደንገል ከጨረስሽው የምንጠጣው ውኃ አይበላሽም?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ኛቦ» አለች፤ በእነሱ ቋንቋ «እመቤት» ማለት ነው፤ «እኔ ያንን ውኃ በጀሪካን እየገዛሁ ነው የምጠጣው። ጎደሬውን ካልሸጥሁ በምን ልግዛው?»

የምመልሰው አጣሁ። እርስዋም መልስ አልጠበቀችም፤ ከጭቃው አምስት ጎደሬ ነቅላ፣ በቦዩ ውኃ አለቅልቃ፣ «ለልጆቹ» ብላ በዘንቢሌ ውስጥ ከተተችልኝ። ዋጋውን ልስጥሽ ብላት ተቆጣች።

ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል። ስለዚህ ማታ ውኃውን ሁለት ጊዜ ለውጬ ቀቀልሁት። ልጆቹ በጨውና በሚጥሚጣ በሉት፤ ትንሹ ደግሞ ጨመረ። የቀቀልሁበት ውኃ የቧንቧ ነው።